«ከየት ነህ?» ስለ ማለት

በአገራችን በጎጃም እንግዳ ከደጅ ቆሞ ሲጣራ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚለው ቃል «ይግቡ» ነው። እንግዳው እግሩን ታጥቦ፣ ውሃ ወይም ጠላ ቀምሶ፣ ወደ መሶቡ ከቀረበ በኋላ ነው «ለመሆኑ ከየት ነዎት?» ተብሎ የሚጠየቀው። ይህም የሚጠየቀው ዘመድ ለማፈላለግ፣ የአገሩን ዝናምና አዝመራ ለመስማት፣ በዚያ ያለው ደብር ደኅና መሆኑን ለማወቅ ነው እንጂ፣ እንግዳው ይደር ወይስ ይውጣ ብሎ ለመቁረጥ አይደለም። ማደሩማ አስቀድሞ ተቆርጧል።

ይህ የደግነት ጥያቄ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከቤት ወጥቶ በመንገድ ላይ ቆሟል። ቃሉ ያው «ከየት ነህ?» የሚለው ቃል ነው፤ ዳሩ ግን ጠያቂው መሣሪያ የያዘ ሰው ነው፣ መልሱም የሚያሳልፍ ወይም የሚያስመልስ፣ አንዳንድ ጊዜም የሚያሳስር ሆኗል። አንድን ሰው በሠራው ሥራ ሳይሆን በትውልዱ፣ በአነጋገሩ፣ በስሙ ወይም በመልኩ መጠርጠር ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ነገር ያየሁትንና የሰማሁትን ለክርስቲያን ቤተሰቦች ማካፈል የሚገባ መስሎ ታይቶኛል፤ ጉዳዩ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የየቤታችንም ጉዳይ ነውና።

እኔ የምኖርባት የደጀን ከተማ በዓባይ በረሓ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚመጣ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ሲጨርስ የሚያገኛት ከተማ እርሷ ናት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በ2000 ዓ.ም መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ሲመረቅ፣ ወንዙ ከእንግዲህ ወዲህ ሰውና ሰውን አይለይም ብለን ደስ ብሎን ነበር። የቢቸናና የሞጣ መንገድም ከደብረ ማርቆሱ መንገድ ጋር የሚገናኘው በእኛው አካባቢ ስለ ሆነ፣ ለንግድም ሆነ ለሕክምና፣ ለትምህርትም ሆነ ለለቅሶ ወደ ዋና ከተማ የሚሄደው የምሥራቅ ጎጃም ሰው ሁሉ በፊታችን ያልፋል። ስለዚህ መንገዱ ሲከፈት ደስታውን፣ ሲዘጋም ሐዘኑን ከሌላው ሰው ቀድመን የምናየው እኛ ነን።

በ2015 ዓ.ም ያየነው ሐዘን ነበር። ከአማራ ክልል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ መንገደኞች በመንገድ ላይ ካሉት ኬላዎች ላይ እየወረዱ፣ መታወቂያቸው እየታየ፣ ብዙዎቹ ወደ መጡበት እንዲመለሱ ይደረጉ ጀመር። ነገሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥያቄ ሆኖ እስከ መቅረብ ደረሰ። ሰውን ከሰው ለመለየት የሚያገለግሉት ምልክቶች ብዙ ነበሩ። አንዱ የቀበሌ መታወቂያ ነው፤ በብዙዎቹ መታወቂያዎች ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረባቸውና። ሁለተኛው የትውልድ ስፍራ ነው። ሦስተኛው በመኪናው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የክልል ፊደል ነው። አራተኛው አንደበት ነው፤ የጎጃም ሰው ሁለት ቃል ሲናገር አገሩ ይታወቃልና። አምስተኛው እናቶቻችን በልጅነታቸው በግንባራቸው ላይ የተነቀሱት መስቀል ነው። ለእነርሱ የእምነታቸውና የውበታቸው ጌጥ የሆነው ንቅሳት ለፈታሹ የአገር ማወቂያ ሆነ።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አንዲት ባልቴት ጎረቤቴን ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ለማድረስ አብሬ ሄጄ ነበር። «ሪፈር» የሚባለውን የሐኪም ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ከወንዙ ማዶ ካሉት ኬላዎች በአንዱ ላይ አውቶቡሱ ቆመና ሁላችንም ወረድን። ወረቀቱንና መታወቂያቸውን የተመለከተው ወጣት ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እማማ፣ ይመለሱ» አላቸው። እርሳቸውም ሳይቆጡ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ «እርስዎ ምንም አላጠፉም፤ ትእዛዝ ነው» አለ። ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ቦርሳቸውን ተሸክሞ ወደ አውቶቡሱ የመለሰላቸውም እርሱ ነው። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ጨካኝ ሰው ቢሆን ኖሮ ክፋቱ ከእርሱ ጋር ያልፍ ነበር፤ ነገር ግን ደግ ሰው ራሱ፣ ምንም እንዳላጠፋች እያወቀ፣ የታመመች እናት የሚመልስበት ሥርዐት ከተተከለ ክፋቱ ከአንድ ሰው ልብ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ባልቴቲቱ የታከሙት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜም የአንድ ዓይናቸው ብርሃን ሊመለስ አልቻለም።

ነገሩን በቅንነት ለመመልከት፣ ጠባቂ መንገደኛን መፈተሹ አይነቀፍም። ያለንበት ዘመን መሣሪያ በጭነት ውስጥ ተደብቆ የሚያልፍበት፣ ሰውም በመንገድ ላይ የሚታገትበት ዘመን ነው። እኛም ስንጓዝ ዕቃችን ቢፈተሽ ደስ ይለናል እንጂ አይከፋንም። የምንነቅፈው ፍተሻውን ሳይሆን ልዩነቱን ነው። ሁሉም ተሳፋሪ ወርዶ የሁሉም ዕቃ ቢታይ፣ መሣሪያ የተገኘበትም ቢያዝ፣ ይህ ጥበቃ ነው። የአንዱ ተሳፋሪ ዕቃ ሳይታይ በመታወቂያው ብቻ ተመለስ ሲባል፣ ሌላውም ዕቃው ሳይታይ በአነጋገሩ ብቻ ሲያልፍ፣ ይህ ጥበቃ ሊባል አይችልም። እንዲያውም ክፉ የሚያስብ ሰው አነጋገሩን አሳምሮ በሰላም ያልፋል፤ የሚመለሱት በሽተኛውና ተማሪው ናቸው።

ይህም በሌላ አገር በቍጥር ታይቷል። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ ፖሊሶች በመንገድ የሚያልፈውን ሰው እያቆሙ ይፈትሹ ነበር፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 ብቻ ከ685,000 ጊዜ በላይ እንዲህ ተደርጓል። ከተፈተሹት ውስጥ የሚበዙት ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ከ10ሩ 9 ያህሉ ምንም ጥፋት አልተገኘባቸውም። የተጎዱት ሰዎች በፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ2013ም አንዲት ዳኛ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ ፍተሻው እጅግ ቀንሶ በ2015 ወደ 22,000 ገደማ ወረደ። ፍተሻው ከቀነሰ ነፍሰ ገዳይ ይበዛል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ሆኖም በ2011 515 የነበረው የተገደሉ ሰዎች ቍጥር በ2015 352 ሆነ። ሰውን በመልኩ መጠርጠር ከተማይቱን እንዳላዳናት ከዚህ ይታወቃል።

የመጽሐፍ ሰዎች ለሆንን ለእኛ ግን ከዚህ የበለጠ ምስክር አለ። በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 12 እንደምናነበው፣ የገለዓድ ሰዎችና የኤፍሬም ሰዎች ተጣልተው በተዋጉ ጊዜ፣ ድል ያደረጉት ገለዓዳውያን የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ። የሚሻገረውንም ሰው ሁሉ እያቆሙ አንዲት ቃል፣ ይኸውም «ሺቦሌት» የሚለውን ቃል፣ እንዲናገር ያዙት ነበር። ኤፍሬማዊው «ሺ» ማለት ስለማይችል «ሲ» ይላል፤ በዚያች በአንዲት ፊደል ይታወቅና ይገደላል። መጽሐፉ የሞቱትን 42,000 አድርጎ ይቈጥራቸዋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ገለዓዳዊውና ኤፍሬማዊው ሁለቱም የያዕቆብ ልጆች፣ የአንድ አምላክ ሕዝብ ነበሩ። በወንዝ መሻገሪያ ላይ የወንድምን አንደበት መመርመር ወዴት እንደሚያደርስ ከብዙ ሺህ ዘመን በፊት ተጽፎልናል።

በእኛም ዘመን በአፍሪካ ይኸው ነገር ተደግሟል። በሩዋንዳ ቤልጂጎች በ1930ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት በየሰዉ መታወቂያ ላይ ሁቱ ወይም ቱትሲ የሚል ጽሕፈት አስገብተው ነበር። በ1994 ታላቁ እልቂት በሆነ ጊዜ በየመንገዱ ግንድ እያጋደሙ የቆሙት ገዳዮች መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ወረቀት ነበር። ለቈጠራ ተብሎ የተጻፈ መስመር ከስድሳ ዓመት በኋላ የሞት ፍርድ ሆነ። ወረቀቱን የፈጠሩት ሰዎች ያን ቀን አላሰቡት ይሆናል፤ ቢሆንም መንገዱን የጠረጉት እነርሱ ናቸው።

አሁን ደግሞ በከተማችን በአንድ ሰንበቴ የሆነውን ልናገር። የባልቴቲቱ መመለስ ከተሰማ በኋላ በዐቢይ ጾም ውስጥ በዋለ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞች ተሰብስበው ለሚመለከታቸው ሁሉ ደብዳቤ እንዲጻፍ ተስማሙ። እኔ የማኅበሩ ጸሓፊ ስለ ሆንኩ ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸው፣ በአንቀጽ 32ም ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወር ነጻነት ያለው መሆኑ በደብዳቤው ተጠቀሰ። የተመለሱት ሰዎች ሁኔታም ተዘረዘረ። ደብዳቤው ተነቦ ሁሉም «መልካም ነው» ባለ ጊዜ፣ በማእዘን በኩል ተቀምጠው የነበሩት የድጓው መምህር እጃቸውን አነሡ። ሁላችንም የኔታ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ልጆቼ» አሉ፤ «ደብዳቤው መልካም ነው፣ ቃሉም እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በኅዳር ወር ይህን የመሰለ ደብዳቤ ተጽፎ ነበርን?»

ቤቱ ዝም አለ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፣ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ከጦርነቱ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖራቸው በትውልዳቸው ብቻ ተጠርጥረዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው በኅዳር ወር ባወጣው መግለጫ፣ ሰዎች በብሔራቸው ምክንያት ከሥራ እንዲያርፉ መደረጋቸውንና ለሥራ፣ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ መከልከላቸውን ገልጾ ሥጋቱን አሰምቶ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜም በአዲስ አበባ የተደረገው እስራት ብሔርን የተከተለ እንደሚመስል፣ ከታሰሩትም ውስጥ አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ እናቶች እንደሚገኙበት ይኸው ኮሚሽን ተናግሯል።

በእኛም ከተማ ለብዙ ዘመን ወፍጮ ሲያስፈጭ የኖረ አንድ የትግራይ ተወላጅ ነበረ። ልጆቹ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሥተዋል፤ በድርቅ ዓመት ለድሆች በነጻ ያስፈጨ ሰው ነው። በዚያ ጊዜ ማንም አልመታውም፤ ማንም አልሰደበውም። ሰላምታ ብቻ ቀረበት። በለቅሶ ቤት ሲቀመጥ በአጠገቡ ያለው ስፍራ ባዶ ይሆን ጀመር። እርሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ወፍጮውን ሸጦ ሄደ። ስሙን በሰንበቴው ያነሣ ሰው እስከዚያች ቀን ድረስ አልነበረም።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ «የኔታ፣ ያን ጊዜ እኮ ጦርነት ነበረ፤ ሥጋት ነበረብን» አለ። የኔታም «የሚመልሱንስ ሰዎች ምን የሚሉ ይመስልሃል? እነርሱም ሥጋት አለብን ነው የሚሉት» ብለው መለሱ። ቀጥለውም «በትውልዱ አትጠርጥሩት ብለን የምንጮኸው ስለ ሰው ልጅ ከሆነ ጩኸታችን ጸሎት ነው። ስለ ራሳችን ብቻ ከሆነ ግን ተራችን እስኪደርስ የምናለቅሰው ልቅሶ ነው» አሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሴቶቹ ወገን ያሉ አንዲት እሜቴ ደግሞ «የኔታ ካነሡት አይቀር እኔም ልናገር» ብለው ቆሙ። «ማረሻችንን የሚቀጠቅጥልን ባለ እጅ ጾሙን ይጾማል፣ ያስቀድሳል፤ በዚህ ሰንበቴ ግን ተቀምጦ አያውቅም። በገበያ ሲያልፍ ልጆቻችንን በነጠላ የምንሸፍን እኛ አይደለንም? ይህን ሰው ምን ሲያደርግ አይተነው ነው ቡዳ የምንለው?» አሉ።

ይህም ቀላል ጥያቄ አይደለም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራውና ቆዳ የሚፍቀው ሰው በሥራው ምክንያት ከዘመን ወደ ዘመን ሲጠረጠርና ሲሰደብ ኖሯል። አንድ ሕፃን ቢታመም የሚፈለገው ምክንያቱ ሳይሆን በአጠገቡ ያለፈው ባለ እጅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ስለዚህ ነበር። በአዋጃቸውም የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታውሰው፣ ልዩነቱ የአለማወቅ ውጤት መሆኑን አስረድተዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በብዙ መንደር ከአዋጁ ረዝሞ ኖሯል።

ከባለ እጆቹ መካከል በጎንደር በኩል ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ በተለይ ያስተምራል። እነርሱም ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት ይተዳደሩ ስለ ነበር ቡዳ ይባሉ ነበር፤ «ፈላሻ» የሚለውም ስም ባይተዋርነታቸውን የሚያሳይ ነበር። በ1977 ዓ.ም፣ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም በብዙ ሺህ የሚቈጠሩት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ ከእንግዲህ ወዲህ በትውልዳችን አንጠረጠርም ብለው ተስፋ አደረጉ። ዳሩ ግን በዚያም ጥቁረታቸው ምልክት ሆነባቸው። በጥር 1988 ዓ.ም የለገሱት ደም በሥውር ሲጣል መኖሩ ታወቀና ታላቅ ቍጣ ተነሣ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት በፖሊሶች ሲደበደብ በፊልም ታየ። በሰኔ 2011 ዓ.ም ሰሎሞን ተካ የተባለው ወጣት በሐይፋ አጠገብ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ በየከተማው መንገድ እስኪዘጋ ድረስም ሕዝቡ ለተቃውሞ ወጣ።

እነዚህ ወገኖቻችን ግን በማልቀስ ብቻ አልተወሰኑም። አቤቱታቸውን አደራጁ፤ በጩኸታቸውም የተነሣ መንግሥቱ አንድ ኮሚቴ አቋቁሞ በ2008 ዓ.ም ዘረኝነትን ለማስወገድ የሚረዱ 53 ሐሳቦች ቀረቡ። ከራሳቸው የወጡ የሕግ ሰዎች ያሉበት ማኅበር ደግሞ ከሌሎች ጋር ሆኖ ጉዳዩን ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቀረበ። የማኅበሩ ስም በቋንቋችን «ጠበቃ» ነው፤ ከአገራቸው ይዘውት የሄዱት ቃል ነው። ፍርድ ቤቱም በጥር 2013 ዓ.ም ፖሊስ በቂ የጥርጣሬ ምክንያት ሳይኖረው መንገደኛን አቁሞ መታወቂያ አምጣ ሊል እንደማይገባው ወሰነ። ያም ውሳኔ የሚጠቅመው ለቤተ እስራኤላውያን ብቻ ሳይሆን በዚያች አገር በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ነው። የኔታ ያሉት ነገር በተግባር የታየው በዚህ ነው።

ወደ ሰንበቴው ልመለስ። ያ ደብዳቤ ያን ቀን አልተላከም፤ በሚቀጥለው እሑድ እንደ ገና ተጻፈ። በአዲሱ ደብዳቤ ውስጥ የተለመኑት ነገሮች አራት ነበሩ። አንደኛው፣ በኬላ ላይ ፍተሻ ሲደረግ የሁሉም ተሳፋሪ ዕቃ በእኩልነት እንዲታይ፣ ማንም ሰው በብሔሩ፣ በትውልድ ስፍራው ወይም በአነጋገሩ እንዳይለይ። ሁለተኛው፣ የሚመለስ ሰው ቢኖር ምክንያቱ ተነግሮት፣ ስሙና ቀኑ በመዝገብ እንዲጻፍ። ሦስተኛው፣ የሐኪም ወረቀት የያዘ በሽተኛና ነፍሰ ጡር አስቀድመው እንዲያልፉ። አራተኛው፣ ይህ ሁሉ ለአማራ ተወላጅ ብቻ ሳይሆን ለትግራይ፣ ለኦሮሞ፣ ለጉሙዝና በዚህ መንገድ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ እንዲሆን። ደብዳቤው ለወረዳው፣ ለክልሉ፣ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ተላከ።

ከደብዳቤው ጎን በማኅበሩ መዝገብ ላይ አንድ አምስተኛ ቃል ተጻፈ፤ እርሱ ለራሳችን ነው። ከማኅበርተኞች ማንም ሰው ባለ እጅን ቡዳ ብሎ ቢጠራ፣ ወይም የሌላ ብሔር ተወላጅን በትውልዱ ቢሰድብ፣ መቀጫ እንዲከፍል ተወሰነ። ባለ እጁም ከነቤተሰቡ ተጠርቶ ማኅበርተኛ ሆነ። መቀጫው እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ ተከፍሏል፤ ገንዘቡም ለጧፍ መግዣ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ብዬ ብጽፍ እውነት አይሆንም። ከጥቂት ወራት በኋላ በክልላችን ጦርነት ተነሣ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በነሐሴ ወር በአዲስ አበባ የአማራ ተወላጆች በብዛት መታሰራቸውን የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ሰነበተ። ደብዳቤ ጦርነትን አያቆምም። ነገር ግን ከንቱም አይደለም፤ የሆነው ነገር ቀኑና ስፍራው ተጽፎ ከተቀመጠ ነገ ዳኛ ሲገኝ ምስክር ይሆናል፤ ያልተጻፈ በደል ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። በዚያው በ2015 ዓ.ም በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት የሚሰጠው «ፋይዳ» የተባለው የመታወቂያ ቁጥር የሰውን ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ የጣት አሻራና የዓይን ምልክት ሲመዘግብ፣ ብሔሩን አይጠይቅም። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም መስመሩ ከወረቀት ቢፋቅ ከልብ ካልተፋቀ ፈታሹ በዓይኑና በጆሮው ያነበዋል። የልብን ወረቀት የሚጽፈው ደግሞ የመንግሥት ጸሓፊ ሳይሆን ወላጅ ነው።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ጥቂት ምክር ላቅርብ። በማዕድ ዙሪያ ስንጫወት ልጆቻችን ይሰሙናል። «እነዚያ እንዲህ ናቸው» ብለን ስለ አንድ ሕዝብ በሙሉ ስንናገር ሕፃኑ ያንን ቃል ይዞ ያድጋል፤ አድጎም ምናልባት ጠመንጃ ተሰጥቶት በኬላ ላይ ይቆም ይሆናል። ያን ቀን የሚፈርደው ዛሬ ከእኛ በሰማው ነው። ልጆቻችንን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስናስተምር የቆሰለው ሰው የማን ወገን መሆኑን መጽሐፉ እንዳልነገረን፣ ሳምራዊውም እንዳልጠየቀው እናስረዳቸው።

እንደዚሁም ከእኛ ወይም ከጎረቤታችን አንዱ በትውልዱ ምክንያት ቢመለስ ወይም ቢያዝ፣ በዚያኑ ቀን የሆነውን እንጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስፍራውን፣ የተጠየቀውንና የተመለሰውን ቃል፣ ያዩትንም ሁለት ምስክሮች እንመዝግብ። ጽሑፉ ከቁጣና ከስድብ የጸዳ ይሁን፤ ስድብ ያለበት አቤቱታ ለተበዳዩ ሳይሆን ለበዳዩ ይጠቅማልና። ዕድሩና ሰንበቴው ቀብርና ድግስ ብቻ የሚያስቡ አይሁኑ፤ ለተመለሰ መንገደኛ ማደሪያ፣ ለታሰረም ሰው ስንቅ የሚያዘጋጁ ይሁኑ። ይህንንም ስናደርግ የተበደለው ሰው ከየትኛው ወገን ነው ብለን አንምረጥ።

ያች ባልቴት ጎረቤቴ ዛሬም በሕይወት አሉ። በቀረችላቸው በአንዲት ዓይን ጥጥ ይፈትላሉ። አንድ ቀን በቤታቸው ደጅ ሳልፍ የአካባቢው ሰው ያልሆነ፣ አነጋገሩም የሌላ አገር የሆነ አንድ የጭነት መኪና ረዳት ውሃ ሲለምናቸው አየሁ። ውሃውንና ቁራሽ እንጀራ ሰጥተው በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ጠበቁት። አገሩን አልጠየቁትም፤ የጠየቁት «እናት አለህ ወይ?» ብለው ብቻ ነው።

የሰውን ዘር ሁሉ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የፈጠረ አምላክ፣ መንገዳችንን የሰላም መንገድ፣ ልባችንንም ወንድምን የሚያውቅ ልብ ያድርግልን። ለመንገደኛው መድረሻውን፣ ለእስረኛው መፈታትን፣ ለተሰደደውም ወደ ቤቱ መመለስን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።